የምግብ ትርፍራፊ ለመኖ፦ ለሰሜን ሸዋ የትኛው ደንብ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወይም በዙሪያዋ የወተት ላም የያዘ፣ በግ የሚያደልብ ወይም ዶሮ የሚያረባ ሰው የሆቴልና የካፍቴሪያ ትርፍራፊ ለመኖ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ሳያስብ አይቀርም። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ በወጣ ቁጥር፣ ዝናቡ ዘግይቶ ድርቆሹ ባነሰ ቁጥር፣ ከየጓዳው በር በነጻ ወይም በጥቂት ብር የሚገኘው ባልዲ ዓይን ይስባል። ጥያቄው ግን የአንድ አርቢ ብቻ አይደለም። አንድ በረት የገባ በሽታ በጋራ ግጦሽ፣ በጋራ ውኃና በገበያ ቀን ወደ ጎረቤት ስለሚሻገር፣ ትርፍራፊ መኖ የሚሆንበትን መንገድ የሚወስነው ደንብ የቀበሌው፣ የማኅበሩና የከተማ አስተዳደሩ ጉዳይ ነው። በፌዴራል ደረጃ የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267/1994 እና የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥተዋል፤ በየጓዳው በር ላይ የሚሆነውን የሚያየው ግን ከታች ያለው አካል ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ውስጠ ደንብ ለማውጣት የሚመክሩ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የግብርና ባለሙያዎችና አርቢዎች አማራጮቹን እንዲያመዛዝኑ የተዘጋጀ ነው። አማራጮቹ አራት ናቸው፦ ፈጽሞ መከልከል፣ ቀቅሎ መስጠት፣ ከምንጩ ለይቶ መስጠት፣ ወይም ትርፍራፊውን ከእንስሳት አርቆ ለሌላ ጥቅም ማዋል።

በባልዲው ውስጥ ያለው

ደንቡን ከመምረጥ በፊት ባልዲውን ማየት ያስፈልጋል። አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ከሆቴል ጓዳ ወጥቶ ሲታይ ከላይ ያለው ወጥ የነካው እንጀራና የዳቦ ቅርፊት ነው። ገለጥ ሲደረግ ግን ከሥሩ የተጋጠ አጥንት፣ የጥሬ ሥጋ ቅንጥብጣቢ ከነጅማቱ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሶፍት፣ የጥርስ መጎርጎሪያ፣ ቆርኪ፣ አልፎ አልፎም የፌስታል ቁራጭ ይወጣል። እያንዳንዱ የራሱ ጉዳት አለው። ሹል ብረትና ሽቦ በላሟ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጨጓራው በተኮማተረ ቁጥር ወደ ልብ አቅጣጫ ይገፋል፤ ፌስታል ሳይፈጭ እየተጠራቀመ ቦታ ይይዛል። እንጀራና ዳቦ ያልለመደች ላም በአንድ ጊዜ በብዛት ከበላች ጨጓራዋ ኮምጥጦ መኖ ታቆማለች፣ ሲብስም ትሞታለች። የወጡ ጨው ደግሞ ዶሮን ይጎዳል።

እነዚህ ግን ከአንድ በረት የማያልፉ ጉዳቶች ናቸው፤ ደንብ የሚያስፈልገው በዋናነት ለተላላፊው ነው። በአገራችን ዘወትር የሚገኘው አፍተግር በሥጋና በአጥንት ሊጓዝ ይችላል። ከብት ከታረደ በኋላ ቀዩ ሥጋ በራሱ ጊዜ ስለሚኮመጥጥ የአፍተግር ቫይረስ በዚያ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ኮምጣጣነቱ በማይደርስበት በመቅኔና በእጢዎች ውስጥ ግን ይቆያል። ስለዚህ ሰው ምንም አያደርግም ብሎ የሚያልፈው አጥንት ከባልዲው ሁሉ አስጊው ነገር ነው። ፈንግልም በዶሮ ሆድ ዕቃ፣ በላባና በደም ይተላለፋል። ለበዓል ከገበያ የተገዛች ዶሮ ታርዳ ላባዋና ሆድ ዕቃዋ ከአጥር ሥር ሲጣል የግቢው ዶሮዎች መጥተው ይጭሩታል፤ ከበዓል በኋላ በየሰፈሩ የሚሰማው የዶሮ ማለቅ አንዱ መነሻው ይኸው ነው።

ፈጽሞ መከልከል

ይህን መንገድ የመረጠችው ብሪታንያ ናት፤ ያስመረጣትም ከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 የታየው የአፍተግር ወረርሽኝ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ከሚገኝ የአሳማ እርባታ እንደተነሣ ምርመራው አረጋግጧል። ለአሳማዎቹ የተሰጠው በአግባቡ ያልተቀቀለ የምግብ ትርፍራፊ ነበር፤ ቫይረሱም በሕገ ወጥ መንገድ ከውጭ በገባ ሥጋ እንደመጣ ይታመናል። ከአሳማዎቹ በነፋስ ወደ ጎረቤት በጎች ተሻገረ፤ በበግ ላይ ምልክቱ ደብዛዛ በመሆኑ በጎቹ ማንም ሳያውቅ ገበያ ወጡ፣ ከገበያውም በመላ አገሪቱ ተበተኑ። ወረርሽኙ እስኪቆም ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ፤ ለመንግሥትና ለግሉ ዘርፍ በድምሩ ወደ 8 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ኪሣራ ደረሰ። በዚያው ዓመት በግንቦት ብሪታንያ የጓዳ ትርፍራፊን ለእንስሳት መመገብን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ተከተለ።

ከዚህ ታሪክ ሰሜን ሸዋ ልትይዘው የሚገባት የበጎቹን ክፍል ነው። የመንዝ በግ ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ተነሥቶ በየገበያው እየተቀላቀለ ለበዓል አዲስ አበባ ይደርሳል። አፍተግር በበግ ላይ እንደ ላም አፍ አያሳብቅም፤ ትንሽ ማነከስ ብቻ ታይቶ ይታለፋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ግቢ የተፈጸመ ስሕተት እስኪታወቅ በጎቹ መንገድ ላይ ናቸው።

ፈጽሞ የመከልከል ትልቁ ጥንካሬው ቀላልነቱ ነው። ተቆጣጣሪው ሙቀት አይለካም፣ ሰዓት አይቆጥርም፤ ባልዲው በበረቱ ውስጥ አለ ወይም የለም። ድክመቱ ግን እኛ ዘንድ ጎልቶ ይታያል። አንድ ላም ይዛ ልጆቿን በወተቱ የምታስተዳድር የከተማ እናት ሌላ መኖ ሳታገኝ ክልከላው ቢነገራት ባልዲውን በማታ ታስመጣዋለች፤ ያን ጊዜ ትርፍራፊው አይጠፋም፣ ከዓይን ይሰወራል እንጂ። ሁለተኛው ድክመት ክልከላው በደፈናው ሲጻፍ አተላንና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርትን ጭምር ከትርፍራፊ ጋር አጣምሮ መጣሉ ነው፤ እነርሱ ከጓዳው ባልዲ ጋር አንድ አይደሉም።

ቀቅሎ መስጠት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ ይህ ነው፤ ‹‹እሳት ያየ ነገር አይጎዳም›› ይባላልና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ሕግ ሥጋ ያለበት ትርፍራፊ ለአሳማ የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ሰው፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ተቀቅሎ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው መለኪያ ያለማቋረጥ እየተማሰለ በ90 ዲግሪ ቢያንስ ለ60 ደቂቃ፣ ወይም በ3 ባር ግፊት በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ነው። የምግብ ትርፍራፊን በሰፊው መኖ የምታደርገው ጃፓን ቀድሞ በ70 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይበቃል ትል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሳማ ትኩሳት ዳግም ከገባባት በኋላ ግን መለኪያዋን ወደ 90 ዲግሪና 60 ደቂቃ ከፍ አድርጋለች።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ወደ ደብረ ብርሃን እናምጣቸው። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክፍት በርሜል ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳቱ ምንም ያህል ቢበረታ ከዚያ አያልፍም። 100 ዲግሪ የሚጠይቅ ደንብ እዚህ ከወጣ ማንም አርቢ በክፍት ዕቃ ሊፈጽመው የማይችል ትእዛዝ ይሆናል። የ90 ዲግሪው መለኪያም ቢሆን ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ እየተንተከተከ እንዲቆይ ይጠይቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው መሐል ሜዳ ደግሞ የመፍያው ነጥብ 90 ዲግሪ ላይ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ በክፍት በርሜል መለኪያውን መጠበቅ አይቻልም ማለት ይቀላል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ ግን ውኃው በ96 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነገሩ ይቀላል። አንድ ዞን ሆኖ ሳለ ያው ደንብ ታርማበር ላይ አይሠራም፣ ከታርማበር በታች ይሠራል፤ ደንብ አውጪዎች ይህን ሳያዩ ከሌላ አገር የተገለበጠ ቁጥር እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ።

የማገዶውም ነገር አለ። በደጋው ያለው ማገዶ ኩበትና ባሕር ዛፍ ነው፤ ኩበቱ ለእርሻው ማዳበሪያ፣ ባሕር ዛፉ ለገበያ ይፈለጋል። እንጀራ የተሞላ በርሜል ደግሞ እንደ ገንፎ ስለሚወፍር ዳሩ ሲንተከተክ መሐሉ ለብ ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ‹‹እየተማሰለ›› የሚለው ቃል በመለኪያው ውስጥ የገባው ለዚህ ነው። ያልተቀቀለውን ያመጣው ባልዲ ታጥቦ ሳይደርቅ የተቀቀለው ተመልሶ ከተገለበጠበትም ያ ሁሉ ማገዶ በከንቱ ነደደ። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ2001 በፊት የመቀቀል ግዴታ ነበራት፤ ወረርሽኙ የመጣው ደንብ ስላልነበረ ሳይሆን በአንድ ግቢ ውስጥ ስላልተፈጸመ ነው።

ከሁሉ በላይ መቀቀል የማይፈታው አንድ ነገር አለ። የእብድ ላም በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የታወቀ ሲሆን፣ ከ180,000 በላይ ከብቶችን የያዘውና ኋላም ወደ ሰው የተሻገረው የከብት ሥጋና አጥንት ዱቄት ተመልሶ ለከብት በመመገቡ ነው። መንሥኤው ፕሪዮን የተባለው የተበላሸ ፕሮቲን ስለሆነ በድስት መፍላት አይሞትም። ስለዚህ ላም፣ በግና ፍየል የሥጋና የአጥንት ትርፍራፊ ይብሉ ወይስ አይብሉ የሚለው ክርክር በእሳት አይፈታም፤ መልሱ አይብሉ ነው።

ከምንጩ ለይቶ መስጠት

ሦስተኛው አማራጭ መስመሩን በረቱ ላይ ወይም በምድጃው ላይ ሳይሆን በጓዳው በር ላይ ያሰምራል። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ገበታ ነክቷል ወይስ አልነካም? ገበታ ያልነካና የእንስሳት ሥጋ፣ አጥንት፣ ደም፣ እንቁላል ያልገባበት የእህልና የአትክልት ተረፈ ምርት ለመኖ ይፈቀዳል። ከሰው ገበታ ወይም ሥጋ ከተዘጋጀበት ጓዳ የተመለሰ ሁሉ፣ እንጀራ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ለአመንዣጊ እንስሳት አይፈቀድም። የአውሮፓ ኅብረት የጓዳን ትርፍራፊ ከልክሎ ሳለ ያልተሸጠ ዳቦና ብስኩት ግን ለመኖ እንዲውል መፍቀዱ ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ነው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ አማራጭ ሀብታም ናት። የጠላ አተላ በየቤቱ አለ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፤ የአረቄ አተላ ደግሞ አረቄው ሲወጣ ለረጅም ሰዓት እሳት ላይ የቆየ ስለሆነ ከጓዳው ባልዲ በእጅጉ የተሻለ ነው፤ ቀዝቅዞ፣ ለምዶ፣ ከጭድና ከድርቆሽ ጋር ተደባልቆ ሲሰጥ ነው እንጂ ትኩሱን ወይም በብዛት ለባዶ ሆድ አይሰጥም። በከተማዋ ያሉት የቢራ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርትም በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ሦስት አራተኛ ገደማው ግን ውኃ ስለሆነ ቶሎ ይሻግታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ጥቂት ቀን ይታገሠዋል፣ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ሙቀት አይታገሠውም። ከዳቦ ቤት የሚተርፍ ዳቦ፣ ከወፍጮ ቤት የሚጠረግ ዱቄት፣ ከአትክልት ተራ የሚወድቅ የጎመንና የካሮት ቅጠል ሁሉ በዚሁ ጎራ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ጾም አንድ መልካም ዕድል ይሰጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በረቡዕና በዓርብ፣ ብዙ ጓዳዎች ሥጋ አይሠሩም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የጾም ቀን ትርፍራፊ ለላም ይፈቀድ ይላሉ። ሐሳቡ ከሕዝቡ ኑሮ የወጣ ስለሆነ በአክብሮት መታየት አለበት፤ እኔ ግን የምደግፈው ጓዳው በሙሉ ጾመኛ ሲሆን ብቻ ነው። በአንድ ወገን ሽሮ፣ በሌላ ወገን ጥብስ በሚወጣበት ሆቴል ትሪው፣ ጭልፋውና ባልዲው አንድ ነው። ገዳማት፣ የአብነት ትምህርት ቤቶችና የጾም ምግብ ብቻ የሚያዘጋጁ ማዕድ ቤቶች ግን በተለየ ፈቃድ ሊስተናገዱ ይችላሉ።

የዚህ አማራጭ ደካማ ጎኑ ሻጋታ ነው። ገበታ አልነካም ተብሎ የተፈቀደ ዳቦ ወይም ፋጉሎ እርጥበት አግኝቶ ከሻገተ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ያፈራል፤ ላሟ በልታ በወተቷ ለሕፃን ታስተላልፈዋለች። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው መጠን ያልበለጠ መርዝ የተገኘባቸው 9 ብቻ ነበሩ፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተመልክቷል። አረንጓዴውን ፍቆ ቀሪውን መስጠት አይበጅም፣ መርዙ በዓይን አይታይምና። መቀቀልም ይህን መርዝ አያጠፋውም።

ከእንስሳት አርቆ መጠቀም

ገበታ የነካው ትርፍራፊ አይጠፋምና የሚሄድበት ቦታ ካልተዘጋጀለት ከላይ ያሉት ደንቦች ሁሉ በወረቀት ይቀራሉ። ኮምፖስት ቀላሉ ነው፤ ውሻ፣ ጅብና አሞራ እንዳይደርሱበት ግን ጉድጓዱ መታጠርና መሸፈን አለበት። ባዮጋዝ በቆላው ይሻላል፤ በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጋዝ አምጪዎቹን ተሕዋስያን ስለሚያዳክማቸው ከከተማዋ ይልቅ ሸዋ ሮቢት ላይ ትርፉ የተሻለ ነው። የዝንብ እጭ በትርፍራፊ ላይ አሳድጎ ለዶሮ መስጠትም አለ፤ ነገር ግን እጩ ራሱ ሥጋ ባለበት ትርፍራፊ ላይ እንዳያድግ አውሮፓውያን ስለሚከለክሉ፣ እጭን የክልከላው ማምለጫ አድርጎ ማየት አይገባም።

ለማን የትኛው

የደብረ ብርሃን፣ የጫጫና የአንጎለላና ጠራ የወተት ማኅበራት ሦስተኛውን ቢይዙ፣ ከእርሱም ጋር ገበታ የነካው ለላም፣ ለበግና ለፍየል ፈጽሞ እንዳይሰጥ ቢከለክሉ እመርጣለሁ። ይህ ከፊሉ ክልከላ፣ ከፊሉ ፈቃድ ነው፤ ለድሃዋ እናት አተላና የቢራ ተረፈ ምርት ስለሚተውላት የማታውን ባልዲ ያስቀራል። ማኅበሩ ተረፈ ምርቱን ከፋብሪካ በጅምላ አምጥቶ ለአባላቱ በቅርብ ቢያከፋፍል ደንቡ በራሱ ጊዜ ይከበራል፤ ካላደረገው ግን በቅጣት ብቻ አይከበርም።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች መቀቀልን መምረጥ ይችላሉ። የዶሮ ሥጋ፣ ላባና እንቁላል የነካው ግን ለዶሮ ተመልሶ ሳይሰጥ፣ በቴርሞሜትር እየተለካ፣ ለጥሬውና ለበሰለው የተለያየ ባልዲ እየተያዘ መሆን አለበት። ትልቅ ካፍቴሪያ ያላቸው ተቋማት በግፊት የሚቀቅል ዕቃ ሊገዙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የከፍታው ችግር ይቃለላል። ለአመንዣጊዎቹ ግን ይህም አይፈቀድም።

መንዝ ሌላ ነው። በገጠሩ የሆቴል ባልዲ ብርቅ ነው፤ በትርፍራፊው በሽታ የሚሻገረው በውሻ በኩል ነው። የታረደ በግ ራስ ጥሬውን ለውሻ ሲጣል በአንጎሉ ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉም ከውሻው ኩስ ጋር ግጦሹ ላይ ይወድቃል፤ ያን ሣር የጋጠች በግ ውሎ አድሮ አንገቷን አጋድላ በአንድ ቦታ ትዞራለች። አዙሪት የሚባለው ይኸው ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ደንብ አጭር ነው፦ የበግ ራስና ሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ፣ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ውሾችም በየጊዜው የትል መድኃኒት ይውሰዱ።

ደንቡ ሲጻፍ

‹‹ንጽሕናው ያልተጠበቀ ትርፍራፊ መስጠት ክልክል ነው›› ብሎ መጻፍ ምንም አይከለክልም፤ ንጹሑን ከርኩሱ የሚለየው ማን ነው? ይልቅ የሚፈቀዱት በስማቸው ይዘርዘሩ፣ ያልተዘረዘረው እንዳልተፈቀደ ይቆጠር። ከሆቴሉና ከአርቢው መካከል አጭር ውል ይኑር፤ ሆቴሉ ክዳን ያላቸው ሁለት ዕቃዎች በተለያየ ቀለም ያስቀምጥ፣ አንዱ ከዝግጅት ቦታ ለሚወጣ የአትክልት ልጣጭ፣ ሁለተኛው ከገበታ ለሚመለሰው። ሥጋ የሚከተፍበት ቦታ ለብቻው ካልሆነ የመጀመሪያውም ዕቃ ለመኖ አይወጣም። አርቢው በደብተር ቀኑን፣ መጠኑንና ያመጣበትን ቦታ ይጻፍ፤ በሽታ የተጠረጠረ ዕለት የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ደብተር ነው። ሳህን የምታጥበዋ ልጅ መለየቱን የምታከናውነው እርሷ ናትና ሥልጠናው ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ተሰጥቶ እንዳይቀር።

ደንቡ የሚጀምርበት ቀንም ይታሰብበት። ከፋሲካ፣ ከእንቁጣጣሽና ከገና በኋላ ባሉት ቀናት ባልዲው አጥንትና ሆድ ዕቃ የሚበዛበት፣ በጉም በየገበያው የተደባለቀበት ጊዜ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሳምንታት ከሆቴሎች ለመኖ የሚደረገው ማሰባሰብ በሙሉ፣ የተፈቀደው የአትክልት ልጣጭ ጭምር፣ ይቁም። የአዲሱ ደንብ የመጀመሪያ ወር በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ቢውል ጓዳዎቹ ባልዲ መለየትን ሥጋ በሌለበት ጊዜ ተለማምደው ፋሲካን ይጠብቃሉ።